ምርቱ ያማረ ዘር በድስት ሲፈተን

አዲስ ዘር ከመንደር ሲደርስ ገበሬው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማሳው ነው። በሄክታር ስንት ኩንታል ይሰጣል? የዝናብ እጥረት ይችላል ወይ? ዋግ አይመታውም ወይ? ገለባው ለከብት ይሆናል ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ግን ጥያቄው ከአውድማ ወደ ማጀት ይሻገራል። እዚያ ጠያቂዋ የቤቱ እመቤት ናት። ዱቄቱ ውሃ ያነሳል ወይ? ሊጡ ኩፍ ይላል ወይ? እንጀራው ዓይን ያወጣል ወይ? አድሮስ እንደ ለሰለሰ ይቆያል ወይስ ሲጠቀለል ይሰባበራል? በማሳው ፈተና አንደኛ የወጣ ዘር በዚህ በሁለተኛው ፈተና ሊወድቅ ይችላል።

የሁለተኛው ፈተና መልስ በአብዛኛው የሚገኘው በእህሉ ውስጥ ባለው ስታርች ነው። ስታርች ተክሉ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃና ከአየር የሠራውን ስኳር አያይዞ በፍሬው ውስጥ የሚያከማቸው ስንቅ ነው። ጤፍም ሆነ ማሽላ፣ ስንዴም ሆነ ሩዝ፣ ከፍሬው ክብደት አብላጫውን የሚይዘው ይኸው ነው። ተፈትጎ የነጣ ሩዝ እርጥበቱ ሳይቆጠር ከመቶ 90 እጅ ያህሉ ስታርች ነው። ስለዚህ የአንድን እህል የመበላት ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ የስታርቹን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል።

ይህን ጉዳይ የዕድሜ ልክ ሥራቸው አድርገው ከያዙት ሳይንቲስቶች አንዱ ፊሊፒናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዶክተር ቢዬንቬኒዶ ሁልያኖ ናቸው። እርሳቸው ያጠኑት ሩዝን ነው። ይሁንና የደረሱበት ትምህርት እንጀራ ለሚጋግርም፣ ገንፎ ለሚያገነፋም ሕዝብ የሚጠቅም በመሆኑ የሥራቸውን ታሪክ ማወቁ ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማሪ ቤት ወደ ሩዝ ቤተ ሙከራ

ሁልያኖ የተወለዱት በ1936 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ በ1955 ተቀበሉ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1959 አገኙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከማኒላ በስተደቡብ በምትገኘው ሎስ ባኞስ በተባለች ከተማ አንድ አዲስ ተቋም በመቋቋም ላይ ነበር። ይኸውም የፎርድና የሮክፌለር ድርጅቶች ከፊሊፒንስ መንግሥት ጋር ተባብረው በ1960 የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ወጣቱ የኬሚስትሪ ባለሙያ በ1961 በዚህ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመሩ። እስከ 1993 ድረስም ለ32 ዓመታት ከዚያው ሳይለቁ የሩዝን ፍሬ ሲመረምሩ ኖሩ።

በዚያን ጊዜ የኢንስቲትዩቱ ዋና ጭንቀት ምርት ነበር። የእስያ ሕዝብ በፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ የሩዝ ምርት ግን ሊከተለው አልቻለም። የቆዩት የሩዝ ዘሮች አገዳቸው ረጅም በመሆኑ ማዳበሪያ ሲያገኙ ፍሬያቸው ይከብድና ይጋሽባሉ። ስለሆነም አገዳው አጭርና ጠንካራ የሆነ፣ ማዳበሪያውን ወደ ፍሬ የሚለውጥ ዘር መፈለግ ግድ ሆነ።

ተአምር የተባለው ሩዝ

ይህንን ዘር ለማግኘት ፒተር ጄኒንግስ የተባሉት የዘር አዳቃይ በ1962 ሠላሳ ስምንት ማዳቀሎችን አካሄዱ። ከእነዚህ ስምንተኛው ከኢንዶኔዢያ የመጣውን ረጅሙን ፔታ ከታይዋን ከመጣው አጭር ሩዝ ጋር ያዳቀለ ነበር። ሄንሪ ቢቸል የተባሉት ሌላው አዳቃይ ከዚሁ ልጆች መካከል አንዱን መረጡ። የተመረጠው ሩዝ በ1966 «አይ አር 8» የሚል ስም ተሰጥቶት ለገበሬው ተሠራጨ።

የአይ አር 8 ምርት በእርግጥም የሚያስደንቅ ነበር። ውሃና ማዳበሪያ ተሟልቶለት በሙከራ ማሳ ላይ በሄክታር ከ9 ቶን በላይ፣ ማለትም ከ90 ኩንታል የበለጠ ሰጠ። በወቅቱ የፊሊፒንስ ገበሬ በአማካይ የሚያገኘው በሄክታር ከ1 ቶን ብዙም የማይበልጥ ስለነበረ ሕዝቡ «የተአምር ሩዝ» ብሎ ጠራው።

በድስት ሲፈተን ግን ሌላ ጠባዩ ወጣ። ፍሬው አጭርና ደንዳና፣ መሐሉም እንደ ኖራ የነጣ በመሆኑ ሲፈተግ ይሰባበራል። ሲቀቀል ይነፋል፤ ፍሬ ፍሬው ይለያያል፤ ትኩሱ ይበላል። ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቃል፤ ይጠነክራል። ጧት ተቀቅሎ ለምሳ የሚቆይ ሩዝ በሚበላበት ቤት ይህ ቀላል ጉድለት አልነበረም። ገበያውም ጉድለቱን አላለፈውም። ነጋዴዎች አይ አር 8ን ከቆዩት የሩዝ ዓይነቶች ባነሰ ዋጋ ይገዙት ጀመር። ብዙ ያመረተው ገበሬ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ የሚያገኘው ገንዘብ አነሰ ማለት ነው።

በዚህን ጊዜ ለሁልያኖና ለባልደረቦቻቸው የቀረበው ጥያቄ ግልጽ ነበር። አንዱ ሩዝ ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው፣ ሌላው የሚጠነክረው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ከታወቀስ ዘሩ ከገበሬው እጅ ሳይደርስ በፊት እንዴት ሊታወቅ ይችላል?

ክርና ዛፍ

ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ስታርች ከምን እንደ ተሠራ መገንዘብ ያስፈልጋል። ስታርች ሁለት ወገን አለው። አንደኛው አሚሎስ ይባላል። ይህም የስኳር ቅንጣቶች አንዱ ከሌላው ተያይዘው እንደ ክር ቀጥ ብለው የረዘሙበት ነው። ሁለተኛው አሚሎፔክቲን ሲሆን፣ እንደ ዋርካ ቅርንጫፉ የበዛ ነው። በአብዛኛው እህል ውስጥ ዛፉ ይበዛል፤ ክሩ ያንሳል። የሁለቱ ድርሻ ግን ከዘር ዘር ይለያያል።

ስታርቹ በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣት ሆኖ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ቢነካው አይሟሟም። ውሃው ሲሞቅ ግን ቅንጣቱ ውሃ ይጠጣል፤ ያብጣል፤ በመጨረሻም ይፈርሳል። ገንፎ ሲገነፋ ዱቄቱ በድንገት የሚወፍረው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ክሮቹ ከቅንጣቱ ሾልከው ይወጣሉ። ምግቡ ሲቀዘቅዝ እነዚሁ ክሮች እርስ በርሳቸው ጎን ለጎን እየተጠጉ ይተሳሰራሉ። ትስስሩ ሲጠብቅ ምግቡ ይጠነክራል። ትኩሱ ገንፎ በማንኪያ እየተዛቀ ሲበላ ቆይቶ፣ የተረፈው በማግስቱ በቢላዋ የሚቆረጥ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ቅርንጫፍ የበዛበት አሚሎፔክቲን ግን ቅርንጫፎቹ ስለሚያግዱት ቶሎ አይተሳሰርም።

የአይ አር 8 ነገር በዚህ ተገለጠ። ከስታርቹ ውስጥ የአሚሎሱ ድርሻ ከፍተኛ ነበር። ሁልያኖና የሙያ ባልደረቦቻቸው ያወጡት አመዳደብ ዛሬም ይሠራበታል። በዚሁ መሠረት አሚሎሱ ከመቶ ከ20 በታች የሆነ ሩዝ ዝቅተኛ፣ ከ20 እስከ 25 የሆነ መካከለኛ፣ ከ25 በላይ የሆነ ደግሞ ከፍተኛ ይባላል። ከመቶ 2 እንኳን የማይሞላ አሚሎስ ያለው ሩዝም አለ፤ ይህ ሲበስል እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ከጥቂት ፍሬ ብዙ ማወቅ

ምክንያቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በሥራ ላይ ማዋል ሌላ ነው። ዘር አዳቃዩ በየወቅቱ በሺህ የሚቆጠሩ የተዳቀሉ ዘሮችን ይዘራል። በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ከእያንዳንዱ የሚያገኘው ፍሬ አንድ እፍኝ እንኳን አይሞላም። ከዚያችው ላይ አብዛኛውን ለሚቀጥለው ወቅት ዘር ማስቀረት አለበት። ታዲያ ይህንን ሁሉ በድስት እየቀቀለ ቀማሽ ሊጠራበት አይችልም። ዘሩ እስኪበዛ ከጠበቀ ደግሞ መጥፎውን ዘር ብዙ ዓመት ሲደክምበት ኖሮ በመጨረሻ ይጥለዋል፤ ወይም እንደ አይ አር 8 ጉድለቱን እንደ ያዘ ለገበሬው ያስረክባል።

የሁልያኖ ቤተ ሙከራ ትልቁ ውለታ ይህንን ችግር ማቃለሉ ነው። በ1971 ያወጡት የአሚሎስ መለኪያ ዘዴ የሚያስፈልገው የሩዝ ዱቄት 100 ሚሊግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ብቻ ነበር። ዱቄቱ በአልኮልና በኮስቲክ ሶዳ ውህድ ይሟሟል። ከዚያም አዮዲን ይጨመርበታል። አዮዲን ከአሚሎስ ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ቀለም ያመጣል። አሚሎሱ በበዛ ቁጥር ሰማያዊው ይጠቁራል። የቀለሙን ጥልቀት በመሣሪያ ለክቶ የአሚሎሱን መጠን ማወቅ ይቻላል። ዘዴው ቀላልና ርካሽ በመሆኑ በየአገሩ ያሉ የሩዝ ቤተ ሙከራዎች ተቀበሉት።

ሁለተኛው ፈተና ስታርቹ የሚበስልበትን የሙቀት መጠን የሚያመለክት ነው። ይህ ፈተና በአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1958 የተገኘ ሲሆን፣ በሎስ ባኞስም ተሠርቶበታል። ስድስት የተፈተጉ የሩዝ ፍሬዎች በቀጭን የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ውስጥ ለ23 ሰዓት ይዘፈዘፋሉ። በዝቅተኛ ሙቀት የሚበስለው ሩዝ ፍሬው ተበታትኖ ይቀልጣል፤ ከፍተኛ ሙቀት የሚፈልገው ሳይነካ ይቀራል። መርማሪው አይቶ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። ስታርቹ ከ70 ዲግሪ በታች የሚበስል ሩዝ እንዳለ ሁሉ እስከ 75 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚጠብቅ አለ። በከፍተኛ ሙቀት የሚበስለው ረጅም ጊዜና ተጨማሪ ውሃ ይጠይቃል፤ ማገዶም ያስፈጃል።

ሦስተኛው ፈተና በ1973 ሁልያኖ ከካጋምፓንግና ከፔሬስ ጋር ሆነው ያቀረቡት ነው። አሚሎሳቸው እኩል ከፍተኛ ከሆኑት መካከል አንዳንዱ ሲቀዘቅዝ ሲጠነክር ሌላው ለስላሳ ሆኖ መቆየቱ ታይቶ ስለነበር፣ ሁለቱን ለመለየት የታሰበ ነበር። አሁንም 100 ሚሊግራም ዱቄት በትንሽ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ተፈልቶ በበረዶ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቱቦው በሚሊሜትር በተሰመረ ወረቀት ላይ ይጋደማል። የረጋው ሙቅ ተስቦ የሚሄድበት ርቀት ይለካል። እስከ 40 ሚሊሜትር ብቻ የሄደው ጠንካራ፣ ከ41 እስከ 60 የሄደው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ የተሳበው ለስላሳ ይባላል። ወጥ የምታማስል ሴት ማማሰያውን አንስታ ወጡ ሲንጠባጠብ እያየች ውፍረቱን እንደምታውቅ ሁሉ ነገሩም ከዚያው የራቀ አይደለም። ልዩነቱ በቁጥር መያዙ ነው።

እነዚህ ፈተናዎች የቀማሽን ቦታ አልወሰዱም። በመጨረሻ የሚቀሩት ጥቂት ዘሮች ተቀቅለው በሰዎች መቀመሳቸው አልቀረም። ፈተናዎቹ የሠሩት ሥራ ከብዙ ሺህ መካከል ለድስቱ የሚበቁትን አስቀድሞ መለየት ነበር።

ጥራት ለማን?

ከዚህ ሥራ የተገኘ ሌላም ትምህርት አለ። ይኸውም ለሁሉም ሕዝብ የሚስማማ አንድ ጥሩ ስታርች የሌለ መሆኑ ነው። የላኦስና የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ሕዝብ የሚጣበቀውን፣ አሚሎስ የሌለውን ያህል የሆነውን ሩዝ በእጁ እየጠቀለለ ይበላል። ጃፓኖች አሚሎሱ ዝቅተኛ የሆነውንና ለስለስ የሚለውን ይወዳሉ። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዢያ መካከለኛው ይመረጣል። በባንግላዴሽ፣ በስሪላንካና በደቡብ ህንድ ደግሞ ፍሬ ፍሬው የተለያየና አሚሎሱ ከፍ ያለ ሩዝ ተወዳጅ ነው። በአንዱ ቤት ጉድለት የተባለው በሌላው ቤት ሙያ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ዘሩ ጥሩ መሆኑን ከመናገሩ በፊት ማን እንደሚበላውና እንዴት ተሠርቶ እንደሚበላ ማወቅ አለበት።

የፈተናዎቹ ፍሬ በማሳ ላይ የታየው በዘር አዳቃዩ በዶክተር ጉርዴቭ ኩሽና በባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። በ1976 የወጣው አይ አር 36 በሽታና ተባይ የሚቋቋም፣ ቶሎ የሚደርስ በመሆኑ በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር ላይ ተዘራ፤ አሚሎሱ ግን ገና ከፍተኛ ነበር። በ1985 የወጣው አይ አር 64 ይህን ጉድለት አሟላ። ምርቱ ጥሩ፣ በሽታ የሚቋቋም፣ አሚሎሱም የሚበስልበት ሙቀትም መካከለኛ ሆነ። ሲቀቀል ለስላሳ በመሆኑ ሸማቹ ወደደው፤ ዋጋው ስላልወደቀ ገበሬው ያዘው። በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥም ከ10 ሚሊዮን ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ ተዘርቷል። አይ አር 8 ከወጣበት እስከ አይ አር 64 ድረስ 19 ዓመታት አለፉ። ምርትንና የመበላት ጥራትን በአንድ ዘር ላይ ማገናኘት ይህን ያህል ዕድሜ ጠይቋል።

ራሱን ያረመ ጥናት

የአንድ ተመራማሪ ቁም ነገር ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ የራሱን ሥራ እንደገና ለመመርመር ፈቃደኛ መሆኑ ነው። የአዮዲኑ ፈተና በዓለም ከተሠራጨ በኋላ በ1987 ሁልያኖ ከጃፓናውያኑ ታኬዳና ሂዙኩሪ ጋር ባወጡት ጥናት አንድ እርማት ተገለጠ። ከአዮዲን ጋር ሰማያዊ ቀለም የሚሰጠው አሚሎስ ብቻ አልነበረም። በአንዳንድ ሩዞች ውስጥ ያለው አሚሎፔክቲን ቅርንጫፎቹ ረዣዥም ስለሆኑ እነርሱም አዮዲኑን ይይዛሉ። ስለሆነም በፈተናው የተገኘው ቁጥር ከእውነተኛው አሚሎስ ይበልጥ ነበር። ከዚህ የተነሣ በአዮዲን የሚለካው መጠን «የሚታይ አሚሎስ» እየተባለ መጠራት ጀመረ።

ፈተናው በዚህ ምክንያት አልተጣለም። ረዣዥሞቹ ቅርንጫፎችም እንደ ክሮቹ ሁሉ ሩዙን የማጠንከር ጠባይ ስላላቸው ቁጥሩ ለዘር መረጣ ያለው ጥቅም አልቀረም። የተለወጠው ትርጉሙ ነው። በ1991 ሁልያኖ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ባወጡት ጥናትም የአሚሎስ መጠናቸው ተቀራራቢና ከፍተኛ የሆነ ሦስት የሩዝ ዘሮች ቀርበው ነበር። ሦስቱም በሰው ሆድ ውስጥ የሚፈጩበት ፍጥነትና የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርጉበት መጠን አንድ አለመሆኑ ታየ። አንድ ቁጥር ብቻውን የእህልን ጠባይ ሁሉ ሊናገር እንደማይችል ይህ ሁለተኛ ማስረጃ ሆነ።

ሁልያኖ በ1985 ስለ ሩዝ ኬሚስትሪና ቴክኖሎጂ የሚናገረውን ትልቅ መጽሐፍ በአዘጋጅነት አሳትመዋል። በ1993 ደግሞ ሩዝ በሰው ምግብ ውስጥ ስላለው ቦታ የጻፉት መጽሐፍ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ታትሟል። አገራቸውም በ2000 ብሔራዊ ሳይንቲስት የሚለውን ከፍተኛ ማዕረግ ሰጥታቸዋለች።

ከሎስ ባኞስ እስከ ምጣድ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ ሊመስል አይገባውም። የእኛ እናቶች ስታርችን በስሙ ሳይጠሩት ሲያበስሉት ኖረዋል። እንጀራ ከመጋገሩ በፊት ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስላል፤ ከዚያም ወደ ሊጡ ይመለሳል። ይህ አብሲት ነው። በአብሲቱ ውስጥ ስታርቹ አብጦና ፈርሶ ስለሚወፍር ሊጡን ያያይዛል፤ በእርሾው የሚፈጠረውን አየር ይይዛል። የእንጀራው ዓይን የሚያምረውም በዚህ ረገድ ነው።

የጤፍን ስታርች በቤተ ሙከራ ከመረመሩት አንዱ ኢትዮጵያዊው የምግብ ሳይንቲስት ዶክተር ገረመው ቡልቶሳ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባወጡት ጥናት የጤፍ ስታርች ቅንጣት ስፋቱ ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በመረመሯቸው የጤፍ ዘሮች አሚሎሱ ከመቶ ከ25 እስከ 32 አካባቢ ነበር። ይህ መጠን በሩዝ አመዳደብ ቢታይ ከፍተኛ የሚባል ነው። እንዲያም ሆኖ የጤፍ ስታርች በስሎ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክረው ከበቆሎ ስታርች ባነሰ መጠን መሆኑ በሌላ ጥናታቸው ታይቷል። የጤፍ እንጀራ አድሮ እንደ ለሰለሰ መቆየቱን ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም። ለተመራማሪው ግን የሎስ ባኞስን እርማት የሚያጠናክር ነው። የሩዝ ሚዛን ለጤፍ እንዳለ አይሠራም፤ እያንዳንዱ እህል በራሱ ምግብ መመዘን አለበት።

የማሽላ ነገር ከዚህ የበለጠ ያሳስባል። ዝናብ በሚያጥርበት ቆላ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ማሽላ ነው። የማሽላ እንጀራ ትኩሱ ጥሩ ሆኖ ሲያድር ይደርቃል፤ ይሰባበራል። ሁሉም ማሽላ ግን እኩል አይደርቅም። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሠሩት የምግብ ተመራማሪ ዶክተር ሰናይት የትንበርክ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 ባወጡት ጥናት 12 የማሽላ ዘሮችን በእንጀራ አወዳድረዋል። ከዘር ዘር የእንጀራው ልስላሴና ሳይሰበር መጠቅለሉ በግልጽ እንደሚለያይ አሳይተዋል። በ2005 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ማሽላውን መፈተግና ከጤፍ ጋር መቀላቀል እንጀራውን እንደሚያሻሽል ገልጸዋል። ባለሙያ ሴቶች በማጀት የሚያውቁትን ነገር ጥናቱ በመለኪያ አጽንቶታል።

ሩዝም ቢሆን ዛሬ ለእኛ እንግዳ እህል አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ የገበሬው ዋና ሰብል ሆኗል። ብዙው ቤተሰብ ሩዙን አስፈጭቶ ከጤፍ ጋር እየቀላቀለ እንጀራ ይጋግርበታል። እንግዲህ በእስያ ለቅቅል የተመረጠ ሩዝ ለፎገራ እንጀራ መስማማቱ በምጣድ ሳይፈተን ሊታወቅ አይችልም። ጥራት ለማን የሚለው የሁልያኖ ጥያቄ እዚህም ይነሳል።

ዘሩን ከመቀበል በፊት

ከዚህ ሁሉ ገበሬውና የግብርና ልማት ሠራተኛው የሚወስዱት ትምህርት አለ። አዲስ ዘር በማሳያ እርሻ ላይ ሲታይ የሚታየው አዝመራው ብቻ ነው። የተገኘው የመጀመሪያ ምርት ለዘርና ለገበያ ከመከፋፈሉ በፊት ጥቂት ኪሎ ለማጀት ሊተርፍ ይገባል።

ፈተናው ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። አዲሱ እህልና ነባሩ እህል እኩል ተመዝነው በአንድ ወፍጮ ይፈጩ። በአንድ ዓይነት እርሾ ይቦኩ፤ አብሲታቸው እኩል ይሁን፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጣድ፣ በአንዲት እጅ ይጋገሩ። ጉድለቱ በጤፍ እንዳይሸፈን በመጀመሪያ ያለ ቅልቅል መጋገሩ ይሻላል። በዚያው ዕለት የቀመሰ ሰው ፍርዱን ለማግስቱ ያቆይ፤ ስታርቹ ጠባዩን የሚያወጣው ሲያድር ነውና። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እንጀራው ሲጠቀለል ተሰበረ ወይስ ታጠፈ? ከጎረቤት ጥቂት ሴቶች የትኛው የየትኛው እህል እንደሆነ ሳይነገራቸው ቀምሰው ይፍረዱ። ውጤቱም ከምርቱ መጠን ጋር ተጽፎ በልማት ሠራተኛው በኩል ወደ ምርምር ማዕከሉ ይድረስ። የእናቶች ፍርድ ከኩንታሉ ቁጥር አጠገብ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ዘር ሲዳቀል የሚያስታውሰው አይኖርም።

ሎስ ባኞስ ላይ አንድ ሰው ሠላሳ ሁለት ዓመት የደከሙበት ነገር ሲጠቃለል ይኸው ነው። በማሳ የተገኘው ኩንታል ምግብ የሚባለው ሲበላ ነው። ስለዚህ አዲስ ዘር ለገበሬው ሲቀርብ «ስንት ይሰጣል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «አድሮስ እንዴት ነው?» የሚለውም በዚያው ቀን ሊጠየቅ ይገባዋል።